ስለ ወንድሜ ዕድሜ የሰጠሁት ቃል

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ስለ ሕግ ሁለት ነገር አውቅ ነበር።

አንደኛው፣ ዱላ የሚቀምሰው ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው አይገረፍም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ አይቼ ነው። አባቴ አናጢ ነበር። አንድ ቀን የሰው ቁም ሳጥን በር አሳጥሮ ቆረጠና እንጨቱ ተበላሸ። እናቴ «ይሁን፣ ያጋጥማል» አለችው። በዚያው ሳምንት እኔ ብርጭቆ ሰበርኩ። የኔ አላጋጠመም፤ በቀበቶ ተገረፍኩ። ትምህርት ቤትም ያው ነው። መምህራችን ያረፈደውን ልጅ እጁን በማስመሪያ ይለዋል። እሱ አርፍዶ ሲመጣ ግን ሁላችንም ብድግ ብለን «እንደምን አደሩ» እንለዋለን።

ሁለተኛው ግንቡ ቤት ነው። ከሰፈራችን ማዶ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣ ረጅም የድንጋይ አጥር ነበር። በሩ ላይ የልጆች ጠባይ ማረሚያ ይላል። ያጠፉ ልጆች እዚያ ይገባሉ። እኛ ግንቡ ቤት እንለዋለን። እናቴ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች፤ ደክሟት ስትገባ ብዙ አትናገርም። የምትናገረው ያቺኑ ነው፤ «ዝም ካላልክ ግንቡ ቤት ነው የምሰጥህ!» አንዴማ እጄን ይዛ እስከ በሩ ወስዳኛለች። ብረቱን በጣቷ ሁለት ጊዜ አንኳኳችው። ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። እናቴ ሳቋ መጣና አቅፋ መለሰችኝ።

በትልልቆቹ እስር ቤት ግን ያስፈራራኝ ሰው የለም። ከከተማ ውጭ ነው፤ አይቼውም አላውቅ።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ቁመቱ ግን ከአባቴም ያልፍ ነበር። ሰፈር ውስጥ መሰላል ይሉታል። የጋራዡ ዘበኛ ሲያልፍ ባየው ቁጥር «መሰላል፣ እዚያ ላይ አየሩ እንዴት ነው?» ይለዋል። ወንድሜም ወደ ሰማይ ያይና «ደመና አለ፣ ልብስዎን ያስገቡ» ይላል።

አባቴ ከጣሪያ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ የሳምንቱን ግማሽ ይተኛ ነበር። የሳሙና ፋብሪካው ሠራተኛ እንደሚቀጥር ሰማ። የሚቀጥረው አሥራ ስምንት የሞላውን ነው። ወንድሜ የተወለደው ቤት ውስጥ ስለሆነ ወረቀት አልነበረውም። አባቴ ሁለት ምስክር ይዞ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ምሎ መሰከረ፤ ምስክሮቹም ማሉ። ማታ ማህተም ያለበት ወረቀት ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ አሥራ ስምንት ነህ» አለው።

ወንድሜ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። «አባዬ፣ ጢሙንስ አልሰጡህም?»

እናቴ ብቻ አልሳቀችም። አንሥታ አጠፈችና ፍራሹ ሥር ከተተችው። እኔ መንግሥት ወንድሜን እንዳሳደገው ነው የገባኝ። ቀናሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አልመታውም፤ ወረቀቱ ሠራ ማለት ነው።

ያኔ አሥራ አራት ዓመት ከአንድ ወሩ ነበር።

ፋብሪካው ውስጥ ሥራው መቁረጥ ነው። ሳሙናው በትልቅ ሳጥን ፈስሶ ይረጋል፤ ሲረጋ በተወጠረ ሽቦ ይቆረጣል። ሳሙናው የሚሠራበት ሶዳ እጁን ይልጠው ነበር። ማታ እናቴ መዳፉን ቅባት ስትቀባው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እኔን ግን ሲያየኝ ይጠቅሰኛል። «ፌንጣ፣ ና ሽተተኝ፤ ሙሽራ አልመስልም?» ፌንጣ የሚለኝ እሱ ነው። ከእሱ ሌላም ሰፈሩ ሁሉ።

በምሳ ሰዓት ሠራተኞቹ ስለ ድሮ ነገር ያወራሉ። ብዙ የሚነሣው የጥጥ መጋዘኑ ቃጠሎ ነው። ሦስት ቀን የነደደ እሳት ነበር። ወንድሜ ልጅነቱ እንዳይነቃበት «እኔም ቆሜ አይቻለሁ» ብሎ ማውራት ጀመረ። ወሬውን መጀመሪያ የሚለማመደው ቤት፣ በእኔ ላይ ነው። አልጋ ላይ ተቀምጦ እጁን እያወናጨፈ ጭሱ እንዴት እንደነበር፣ ጥጡ እየነደደ እንዴት በአየር እንደበረረ ይነግረኛል። ደጋግሞ ስለነገረኝ በቃሌ ያዝኩት።

መጋዘኑ የተቃጠለው እሱ ከመወለዱ በፊት ነው። ይህን ያወቅኩት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ስድስት ወር ሠራ። በሰባተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ሳሙናው ሳይረጋ ቆረጠውና ተንሸዋረረ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ መጣና በጥፊ መታው። በሰው ፊት ሁለት ጊዜ። ወንድሜ በእጁ የያዘው የሽቦው እጀታ፣ የክንድ ያህል እንጨት ነው። ወረወረው አሉ፤ ሰነዘረውም አሉ። የካቦው ግራ ዓይን ፈሰሰ።

ካቦውን ከዓመታት በኋላ ገበያ ውስጥ አይቼዋለሁ። በጨርቅ የተሸፈነ ዓይኑን ወደ ግድግዳ አድርጎ ነበር የሚሄደው። ክፉ ሰው አይመስልም። የመታው፣ ወንድሜ ልጅ ስለመሰለው ነው። ትልቅ ሰው ቢመስለው እጁን አያነሣም ነበር። ይህን ለፍርድ ቤቱ የተናገረለት ሰው የለም።

ፖሊሶቹ ወንድሜን ከወሰዱት በኋላ እናትና አባቴ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወደተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ሄዱ። እኔንም የሚይዘኝ ስለሌለ ይዘውኝ ሄዱ። ጸሐፊው ጃንጥላ ሥር የጽሕፈት መኪና ይዞ የሚቀመጥ፣ ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ነው። እያወራም ይጽፋል። የመኪናው ድምፅ ግማሹን ዋጠብኝ። አንቀጽ የሚል ሰማሁ። አሥራ አምስት የሚል ሰማሁ። ከዚያ እናቴ ክንዱን ይዛ ያለችውን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁ።

«አባቴ ይሁኑ፣ ግንቡ ቤት ያስገቡልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ልጄን ግንቡ ቤት ያስገቡልኝ።»

ቀና ብዬ አየኋት። ታለቅሳለች። ይህችው እናቴ ናት? ያጠፋን ልጅ ግንቡ ቤት እሰጣለሁ ስትል ቀልዷን ነው ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ለካ እውነቷን ነው። ይኸው ለምናም እያስገባችው ነው።

ጸሐፊው ያለው፣ አሁን ሳስበው፣ ቀላል ነገር ነው። አሥራ አምስት ያልሞላው እንደሆነ ጠባይ ማረሚያ ይገባል፤ እየተማረ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ይወጣል። የሞላው እንደሆነ ከትልልቆቹ ጋር ነው፤ እንደ ትልቅ ይፈረድበታል። ወንድሜ አሥራ አምስት ሊሞላው አምስት ወር ይቀረዋል። ወረቀቱ ግን አሥራ ስምንት ይላል፤ ወረቀቱን ደግሞ ያወጣው አባቴ ነው።

በቀጠሮው ቀን የኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እስረኞቹ ተሰልፈው ገቡ። ከሁሉም በላይ የሚታየው የወንድሜ ጭንቅላት ነው። እናቴ «አጎንብስ፣ አጎንብስ ልጄ» ትላለች በሹክሹክታ። እንደማይሰማት ታውቃለች።

አባቴ ዳኛው ፊት ቆመ። ባርኔጣውን ሁለት እጁ ውስጥ ጨብጦታል።

«ክቡር ዳኛ፣ ልጄ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ወረቀቱን ዋሽቼ ነው ያወጣሁት።»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። የደከመው ሰው ነበር፤ ዓይኑን በጣቶቹ አሸ። «ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ ምለሃል?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ምያለሁ።»

«ታዲያ የዋሸኸው ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

«ያኔ ነው።»

«እኔ በምን ልወቅ?»

አባቴ ባርኔጣውን እጁ ውስጥ ማዞር ጀመረ። ሰዎች ሳቁ። አባቴ ሲሳቅበት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለምን እንደሳቁ አልገባኝም። የገባኝ አባቴም ከእናቴ ጋር ሆኖ ወንድሜን ግንቡ ቤት ሊያስገባው መለመኑ ነው።

ዳኛው የወንድሜ የእጅ አጥንት በራጅ እንዲታይ አዘዘ። ማመልከቻ ጸሐፊው «አጥንት አይዋሽም፣ አይዞሽ» አላት እናቴን። እኔ የእጁን ፎቶ የሚያነሡት መምታቱ እንዲታይ ነው ብዬ አሰብኩ። የእጅ አጥንት የሠራውን ሁሉ ይዞ የሚቀመጥ መሰለኝ። እዚያ እስካለን ድረስ የኔን እጅ ከኪሴ አላወጣሁም፤ ስኳር ሰርቄበት ነበር።

ሐኪሙ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ሰባት ይሆናል ብሎ ጻፈ። ይህ ለማንም አልጠቀመም። ዳኛው አንድ ሰው ቤታችን ድረስ ሄዶ እንዲያጣራ አዘዘ።

የመጣችው ሴትዮ ግራጫ ኮት የለበሰች፣ ወፍራም ደብተር የያዘች ናት። ከመምጣቷ በፊት እናቴ ፊቴን አጥባ፣ ትከሻዬን ይዛ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነገረችኝ።

«ስንት ዓመቱ ነው ካለችህ፣ አሥራ አራት በል። ሰማህ? እውነቱም ይኸው ነው። ግንቡ ቤት እንዲያስገቡት ነው፣ ልጄ።»

በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሴትዮዋ እናትና አባቴን አነጋገረች። ጎረቤት ጠየቀች፤ ፍርድ ቤት መጠራትን ፈርተው «በትክክል አናውቅም» አሏት። ከዚያ «ልጁን ለብቻው ላናግረው» አለች። ወላጆቼ ወደ ውጭ ወጡ። የእናቴን ጥላ በበሩ ሥር አየው ነበር።

«ማን ይሉሃል?»

«ፌንጣ።»

ሳቀች። ጥሩ ሳቅ ነበራት። «እሺ ፌንጣ፣ ትዘላለህ?»

«ከዚያ እስከዚህ እዘላለሁ።»

«ትዋሻለህስ?»

«አልዋሽም።»

«ጎበዝ። ወንድምህ ስንት ዓመቱ ነው?»

በበሩ ሥር ያለውን ጥላ አየሁ። ወንድሜ ከዚያ የብረት በር ጀርባ ታየኝ።

«ትልቅ ነው» አልኩ።

«ስንት?»

«አሥራ ስምንት ሞልቶታል።»

«ማን ነገረህ?»

«ወረቀት አለው። እኔ አይቻለሁ። ጢሙንም ይላጫል።» ጢም አልነበረውም፤ የአባቴን ምላጭ ፊቱ ላይ እያስኬደ ይጫወት ነበር።

ጻፈች። «እናትህ ስንት በል አለችህ?»

አንዴ አልዋሽም ብያታለሁ።

«አሥራ አራት በል አለችኝ።»

ብዕሯ ቆመ። አየችኝ። ያን ጊዜ እንዳመነችኝ አወቅኩ፤ ትልቅ ሰው እንደዚያ አምኖኝ አያውቅም። ደስ አለኝ። ስለዚህ ጨመርኩ። ጥጥ መጋዘኑ ሲቃጠል ወንድሜ ቆሞ እንዳየ፣ ጭሱን፣ የሚበረውን ጥጥ፣ ሰዎቹ ባልዲ እንዴት እንደተቀባበሉ፣ ሁሉንም በቃሌ ዘረገፍኩት። እሷ ቀና ሳትል ትጽፋለች።

ስትነሣ ራሴን ዳበሰችኝ። «ጎበዝ ልጅ ነህ» አለችኝ። በዚያ ዓመት እንዲህ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

እናቴ ገብታ «ምን አልካት?» አለችኝ።

«ያልሽኝን።»

ሕጉ ዕድሜ ሲያጠራጥር ጥርጣሬው ለልጁ ይሁን ይል ነበር። ብዙ ቆይቼ የሰማሁት ነው። ሴትዮዋ ግን ጥርጣሬ የለም ብላ ጻፈች። ዳኛው ሲያነብ ሰማን። ወላጆች ሕፃኑን ሐሰት እንዲናገር አስጠንተውታል አለ። መጋዘኑ ከተቃጠለ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል አለ፤ ያን ያስታወሰ ሰው አሥራ ስምንት አያንሰውም። አምስት ዓመት ፈረደበት፤ ከትልልቆቹ ጋር። ለአባቴም በሐሰት ስለ መማል ሦስት ወር በገደብ። አባቴ በሕይወቱ አንዴ በሐሰት ምሏል፤ የተፈረደበት ግን እውነቱን ስለተናገረ ነው።

እናቴ አግዳሚው ላይ ተዘረረች። እኔ ውስጥ ውስጡን ፈነደቅኩ። ወንድሜ ግንቡ ቤት አልገባም።

እስር ቤቱ ድረስ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ጠያቂና ተጠያቂ በሁለት የሽቦ አጥር ይለያያሉ፤ መሐል ላይ ዘበኛ ይመላለሳል። ሰው ሁሉ ይጮኻል። ወንድሜ ሲመጣ አላወቅኩትም። ራሱ ተላጭቷል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ የፊት ጥርሱ አንዱ የለም።

እናቴ «ጥርስህ የት ሄደ?» ብላ ጮኸች።

«ተደናቅፌ ነው፣ እማዬ።»

አጎንብሶ ነበር የቆመው። ፍርድ ቤት አጎንብስ ስትለው ያልሰማው ልጅ፣ እዚያ ማንም ሳይለው አጎንብሷል። እናትና አባቴ ዘበኛውን የልብሱን ጥቅል እንዲያቀብል ሲለማመጡት እኔ ሽቦውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያዳንኩህ።»

«ከምን?»

«ከግንቡ ቤት። እማዬ አሥራ አራት በል ብላኝ ነበር። እኔ ግን ትልቅ ነው አልኩ። የመጋዘኑን ቃጠሎም ነገርኳት።»

አየኝ።  ዘበኛው አንዴ በመሐላችን አለፈ፣ ተመልሶም አለፈ። ከዚያ ወንድሜ ወደ እናታችን ተመለከተ፤ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር።

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ጎሽ። እንዳትነግር።»

«ጥሩ አላደረግኩም እንዴ?»

ጣቱን በሽቦው ቀዳዳ አሾለከው፤ አይደርስም። «ጥሩ አድርገሃል፣ ፌንጣዬ። አድነኸኛል። ግን የኔና ያንተ ብቻ ነው፣ እሺ?»

እሺ አልኩ። አውቶቡሱ ውስጥ እናቴ ስታለቅስ እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ዘፈን አዜም ነበር። አባቴ ዝም በል አላለኝም።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ አብሮኝ የሚማር የሰፈራችን ልጅ ሱቅ ሰብሮ ተያዘና ግንቡ ቤት ገባ። ከዓመት በኋላ ወጣ። ወፍሯል። ትምህርት ቤት በር ላይ ተቀምጠን ጠየቅኩት።

«ይገርፏችኋል?»

«አንዳንዴ። እንደ ትምህርት ቤት ነው።»

«ማታስ የት ነው የምትተኙት?»

«አልጋ አለ። እሁድ እሁድ እናትህ ትመጣለች፣ አብራችሁ ትቀመጣላችሁ። ብየዳ ተምሬያለሁ። ከምሳ በኋላ ኳስ አለ። ምን ሆነሃል? አመመህ?»

አላመመኝም። ተነሥቼ ሄድኩ፤ ቤት ግን አልሄድኩም።

ወንድሜ የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ወረቀቱ ሃያ ሦስት ሲለው። ሲበላ ሳህኑን በክንዱ ይከልላል። ሽንት ቤት ለመሄድ ሲነሣ እናቴን ዓይን ዓይኗን ያያታል፤ ፈቃድ እስክትሰጠው። የጋራዡ ዘበኛ «መሰላል፣ አየሩ እንዴት ነው?» ሲለው «ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ሥራ አገኘ፣ ብዙ ጊዜ ተወ። አላገባም። እኔን ፌንጣ ማለቱን አልተወም።

ከወጣ በኋላ አንድ ቀን «ገባኝ» አልኩት። ምኑ እንደገባኝ አልጠየቀኝም። «እሺ» አለ፤ የያዘውን ጫማ መጥረግ ቀጠለ።

አባቴ የታመመው እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሆነኝ ነው። እናቴ ቀድማው አርፋለች። እኔና ወንድሜ ተራ በተራ እናስታምመው ነበር። ሲብስበት ሁለታችንም አደርን። አንድ ከሰዓት በኋላ ነቃና ወንድሜን እጁን ያዘው።

«ያቺን ወረቀት ባላወጣ ኖሮ» አለ።

«ተወው አባዬ።»

«እኔ ነኝ የበላሁህ። በገዛ እጄ። ዳኛው በምን ልወቅ ሲለኝ መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬ አስባለሁ፤ ምን ብለው ነበር የሚያምነኝ?»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን መልስ ሲፈልግ ኖሯል። ተነሥቼ አልጋው ጋ ቀረብኩ።

«አባዬ፣ ወረቀቱ አይደለም» አልኩ።

ወንድሜ ቀና አለ። «አባዬ፣ ውሃ ላጠጣህ?» አለና ብርጭቆውን አፉ ላይ አደረገው። አባቴ ጠጣ። ዓይኑን ጨፈነ።

በረንዳው ላይ ወጣን።

«ለምን አላስጨረስከኝም?»

ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ጠጉሩ ሸብቶ ነበር። «ምን ልትለው ነበር? የስምንት ዓመት ልጅ ነበርክ። ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለን ልጅ ሕግ አይጠይቀውም። እስር ቤት ውስጥ አንብቤዋለሁ።»

«እሱ ግን የራሱ ጥፋት እየመሰለው ነው የሚሞተው።»

«አንተ ታውቃለህ» አለኝ። «ከእንግዲህ አልከለክልህም።» ብርጭቆውን ሊያጥብ ወደ ጓሮ ሄደ።

አባቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። አእምሮው ደህና ነበር። በየቀኑ ነቅቶ ስለ ዳኛው ያነሣ ነበር። በየቀኑም እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ትራሱን አስተካክልለታለሁ፣ መድኃኒቱን እሰጠዋለሁ፣ «እሺ አባዬ» እለዋለሁ። ለሴትዮዋ ያልኩትን ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም።

ስምንት ዓመቴ ላይ ሕግ አይጠይቀኝም፤ ወንድሜ ልክ ነው። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ግን ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር።